የእኅቴ ቅጠሎች በእናቴ ቤት

ታናሽ እኅቴ ከባሕር ዳር ሁለት ተክሎች ይዛ የመጣች ዕለት፣ እናቴ የኔን ጠረጴዛ ከመስኮቱ አጠገብ አንሥታ ወደ ጓዳው በር ወሰደችው። የተማሪዎቼን ደብተር የማርምበት ጠረጴዛ ነው፤ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ቤታችን እንደ ሰቆጣ የድሮ ቤቶች በድንጋይ የተሠራ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ጠባብ ነው። ደኅና ብርሃን የሚገኘው እዚያች መስኮት አጠገብ ብቻ ነበር። ትዳሬ አልሆን ብሎኝ ወደ እናቴ ቤት ከተመለስኩ ጀምሮ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ያቺ ቦታ የኔ ነበረች።

"አንቺ መብራት ታበሪያለሽ። እነሱ ምን ያብሩ?" አለችኝ እናቴ።

እኅቴ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሲስቁ ዝም ማለት ስለማይቻል ነው የሳቅሁት።

እኅቴ ባሕር ዳር አግብታ የምትኖር ናት። መንገድ ዳር አበባና ችግኝ ትሸጣለች። ተክሎቹን በቀለም ባልዲ ውስጥ ተክላ፣ ዙሪያቸውን በረጠበ ጆንያ ጠቅልላ፣ ሁለት ቀን ሙሉ አውቶቡስ ላይ በጉልበቶቿ መካከል ይዛቸው ነው የመጣችው። ለኔ ሻርፕ አምጥታልኝ ነበር። ጥሩ ሻርፕ ነው፤ አሁንም እለብሰዋለሁ። ሻርፑ ግን ሻንጣ ውስጥ ነበር የመጣው።

"እነዚህ የዝናብ አገር ልጆች ናቸው፣" አለችን መሬት ተቀምጣ አፈራቸውን በጣቷ እየነካካች። "ከትልልቅ ዛፍ ሥር፣ ጥላና ጭጋግ ውስጥ የሚያድጉ ናቸው። ፀሐይ ፊት ለፊት እንዳታገኛቸው። አፈራቸው ይርጠብ እንጂ አይጨቅይ። ከሁሉም የሚጠሉት ደረቅ አየር ነው።"

"ደረቅ አየር የሚጠላ ነገር ተሸክመሽ ሰቆጣ ትመጫለሽ?" አልኳት።

"ለእማዬ ብዬ ነው፣" አለችኝ፤ ቀና ብላም አላየችኝ።

አንደኛዋ ተክል ፈርን ናት፤ ቅጠሏ እንደ ተበጠረ ፀጉር ወደ ታች ይወርዳል። ሁለተኛዋን እኅቴ ካላቲያ አለቻት። የቅጠሏ ፊት አረንጓዴ ሆኖ በቀጭን ብሩሽ የተሣለ የሚመስል መስመር አለው፤ ጀርባው ወይን ጠጅ ነው። ቀን ቅጠሎቿን ዘርግታ ትውልና አመሻሹ ላይ ወደ ላይ ታነሣቸዋለች። እናቴ ይህንን ያየች ቀን አማተበች። የቄስ ሚስት ነበረች፤ አባታችን ካረፈ በኋላም ጸሎቷ ሳይጓደል ነው የምትኖረው።

"ሠርክ ጸሎት ታደርሳለች እኮ!" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የካላቲያዋ ስም ጸሎተኛዋ ሆነ።

እኅቴ አንድ ሳምንት ሰንብታ ተመለሰች። ተክሎቹ ከኛ ጋር ቀሩ። የኔም መከራ የጀመረው ያኔ ነው።

መከራ ማለቴ የተጋነነ ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ቧንቧችን በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሲመጣ በርሜል እንሞላለን፤ ሳይመጣ የሰነበተ እንደሆነ ጀሪካን ተሸክማ ከቦኖ የምታመጣው እኔ ነኝ። ያን ውኃ እናቴ አፍልታ፣ አቀዝቅዛ፣ ዝቃጩን በጨርቅ አጥልላ ለተክሎቹ ታጠጣለች። ለስላሳ ጨርቅ ነክራ እያንዳንዱን ቅጠል፣ ፊቱንም ጀርባውንም፣ ሕፃን እንደምታጥብ ቀስ እያለች ታብሳለች። ሰፊ የብረት ትሪ ላይ ጠጠር ደርድራ፣ ጠጠሩ መካከል ውኃ አፍስሳ፣ ባልዲዎቹን ከላይ ታስቀምጣለች፤ ውኃው ቀስ በቀስ እየተነነ ለቅጠሎቹ እርጥበት እንዲሰጣቸው ነው። እኅቴ ናት ያስተማረቻት። እኔ በዚያ ወር ፀጉሬን የታጠብኩት አንድ ቀን ነው።

ውኃው ባልከፋኝ። የከፋኝ ወሬው ነው። እናቴ አፏን የፈታችው በዋግ አገው ቋንቋ፣ በኽምጥኛ ነው። እኛን ያሳደገችን ግን በአማርኛ ነው፤ ኽምጥኛዋን የምታወጣው ሕፃን ስታባብል ወይም ሰው አዝኖ ስታጽናና ብቻ ነበር። እኔን ካደግሁ ወዲህ በኽምጥኛ አነጋግራኝ አታውቅም፤ ትዳሬ የፈረሰ ጊዜ እንኳ "እግዜር ያውቃል" ያለችኝ በአማርኛ ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እናቴ ትሪው ፊት ቁጭ ብላ፣ ጸሎተኛዋን እየጠረገች፣ በዚያች በልጅነቴ በማውቃት ድምፅ በኽምጥኛ ታወራታለች። ምን እንደምትላት ግማሹ ገብቶኛል። "አይዞሽ፣ የሰው አገር ነው፣ ትለምጂዋለሽ" ትላታለች።

ደጅ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ደብተሮቹ ክንዴ ላይ ከበዱኝ። ቅጠል ላይ መቅናት ምን ዓይነት ነገር ነው ብዬ ራሴን ለመቆጣት ሞከርኩ። ቁጣው አልመጣ አለ፤ የመጣው እንባ ነው።

በኅዳር ጉንፋን ያዘኝና ሳምንት ሙሉ ሳልኩ። እናቴ ዳማከሴ ጨምቃልኛለች፤ ያላደረገችውን አደረገች አልልም፣ ያደረገችውንም አልክድም። ግን ሳሉ በያዘኝ በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከመስኮቱ በኩል "ወይኔ ልጄ!" ብላ ጮኸች። ደንግጬ ተነሣሁ። የጸሎተኛዋ አንዲት ቅጠል ጫፏ፣ የጥፍር ያህል፣ ቡናማ ሆኖ ደርቋል። "በሩን ክፍት እየተውሽው ነው፣ ነፋሱ እየመታት ነው፣" አለችኝ። በሩን ክፍት የምተወው ስለሚያፍነኝ ነበር።

ማታ ማታ፣ ራት ሳይቀርብ፣ እኅቴ ትደውላለች። እናቴ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ነው የምታወራው።

"ልጆቼ እንዴት ናቸው?" ትላለች እኅቴ። ተክሎቹን ማለቷ ነው። ልጅ አልወለደችም።

"ጸሎተኛዋ አንድ ጥቅል ቅጠል አውጥታለች። ገና አልተፈታም። ሌላዋ ደኅና ናት፣ ቅጠሏ ትሪው ላይ ወርዷል።"

"ውይ እማዬ፣ እጅሽ የተባረከ ነው!"

እንዲህ እየተባባሉ ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ እሰማለሁ። መጨረሻ ላይ እናቴ "ትልቋን ላገናኝሽ?" ትላለች። እኅቴም "አይ፣ ካርዴ እያለቀ ነው፣ ሰላም በያት" ትላለች። ሰላምታው በእናቴ በኩል ይደርሰኛል። ይህ ሁልጊዜ ነበር አልልም፤ ለኔ ግን ሁልጊዜ ነበር።

በታኅሣሥ ጸሎተኛዋ ባልዲው ጠበባት። እናቴ እኅቴን በስልክ እየጠየቀች ሥሯን ለሁለት ከፈለቻትና ግማሿን ለጎረቤታችን ሰጠች። ጎረቤታችን ባለቤቷ ገበያው መሐል የጨርቅ ሱቅ ያለው ሙስሊም ሴት ናት፤ ከእናቴ ጋር በዓል በበዓል የሚጠያየቁ፣ የልብ ወዳጆች ናቸው። እኔን ሳትጠይቅ ለጎረቤት በመስጠቷ እንኳ ቀናሁ። ብትሰጠኝ ምን አደርጋት ነበር? አላውቅም።

ጥምቀት እንዳለፈ እናቴ ለጉልበቷ ጠበል ልትጠመቅ፣ ሁለት ሱባኤ ልትቆይ፣ ከአንዲት ዘመዳችን ጋር ወደ ሰቆጣ ዙሪያ ገጠር ሄደች። ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ፣ "አደራሽን፣" አለችኝ።

"ምኑን?"

"እነሱን ነዋ።"

ነዋ አለች። ሌላ አደራ የሚባል ነገር እንደሌለ ነው የተናገረችው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት እንደ ታዘዝኩት አደረግሁ። አጠጣሁ፤ ጠረግሁ፤ የትሪውን ውኃ ሞላሁ። በአራተኛው ቀን አመሻሹ ላይ እኅቴ ደወለችልኝ። እናቴ ያለችበት ቦታ ኔትወርክ የለም።

"እታለም፣ ልጆቼ እንዴት ናቸው? አየሩ ደርቋል አይደል? በቀን ሁለቴ እርጪባቸው እሺ? ጸሎተኛዋን ከመስኮቱ ፈቀቅ አድርጊያት።"

"እሺ።"

"ቅጠሏ ከተጠቀለለ ጠምቷታል ማለት ነው።"

"እሺ።"

"በቃ ቻው፣ ሰው መጣብኝ።"

ስልኩ ተዘጋ። በዚያች ቀን ጠዋት ትምህርት ቤት ራሴን አዞኝ ተቀምጬ ነበር ያስተማርኩት። የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር ልናገር አፌ ላይ ነበር።

ተነሣሁና ሁለቱን ባልዲዎች ከትሪው ላይ አንሥቼ የመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታበት ቦታ፣ አስቀመጥኳቸው። ለራሴ "ትንሽ ይሙቃቸው" አልኩ። ዘጠኝ ቀን ውኃ አላጠጣኋቸውም። ቧንቧው ሁለት ጊዜ መጥቷል። በርሜሉን እስከ አፉ ሞልቻለሁ። ፀጉሬን ታጥቤያለሁ፤ ሁለት ብርድ ልብስ አጥቤያለሁ። ስገባና ስወጣ አያቸዋለሁ። ፈርኗ መጀመሪያ ቀለሟ ፈዘዘ፤ ቀጥሎ ጭድ መሰለች። ጸሎተኛዋ ቅጠሎቿን እንደ ትንባሆ ጠቀለለች፤ ከዚያ ጠርዝ ጠርዟ ተቃጠለ፤ ከዚያ ግንዷ ተኛ። ደስ ብሎኝ ነበር ብል ውሸት ነው። ደስታም አልነበረም። አንድ የጎበጠ ነገር ደረቴ ውስጥ ቀና ያለ ይመስለኝ ነበር፤ ይኸው ነው።

እናቴ ልትመጣ አንድ ቀን ሲቀራት ግን ፈራሁ። ወደ ትሪው መለስኳቸውና ውኃ በላይ በላዩ አፈሰስኩ። ማዳን ፈልጌ ነው። የደረቀ ሥር እንዲያ ሲጥለቀለቅ ይባስ ይበሰብሳል፤ ያኔ አላወቅሁም።

እናቴ ገብታ ነጠላዋን ሳታወልቅ ወደ መስኮቱ ሄደች። አንዲት ቅጠል ነካች። ቅጠሉ ጣቶቿ መካከል ተፈረፈረ።

"ውኃ አልመጣም ነበር?" አለችኝ።

"አልመጣም፣" አልኳት።

ጣሳ አንሥታ የሚጠጣ ውኃ ልትቀዳ ወደ በርሜሉ ሄደች። ክዳኑን ስታነሣ እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። ውኃው እስከ አፉ ሞልቶ ነበር። ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ አንድ ጣሳ ቀዳች፣ ጠጣች፣ ክዳኑን መለሰች።

በዚያው ምሽት እኅቴ ደወለች። እኔ ግቢ ውስጥ ዕቃ እያጠብኩ ነበር፤ በሩ ክፍት ነው።

"እማዬ፣ ጠበሉ እንዴት ነበር? ልጆቼስ?"

እናቴ፣ "ደኅና ናቸው፣" ስትል ሰማኋት። "ጸሎተኛዋ እንዲያውም አዲስ ቅጠል አወጣች።"

ሳህኑን እንደያዝኩ ወደ በሩ ዞርኩ። እናቴ ውሸት ስትናገር በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ልጆች ሳለን እንቁላል ሰብረን "ዶሮዋ ናት" ስንል፣ "ዶሮዋ ትጠየቅ?" ብላ እውነቱን እስክናወጣ የምታስቆመን ሴት ናት።

በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን አብሬያት ሄድኩ። ቅጽር ግቢው አልገባችም። ከበሩ ውጪ ግንቡን ተደግፋ ቆማ አስቀደሰች። "አትገቢም?" ስላት ራሷን ነቀነቀች። ሦስት እሑድ እንዲያ ሆነ። በመካከሉ እኅቴ ፎቶ ጠየቀች። እናቴ ስልኩን ሰጠችኝና፣ "አንቺ ታውቂያለሽ፣" አለችኝ። በኅዳር ያነሣሁትን ፎቶ ፈልጌ ላክሁ። እኅቴ በድምፅ "ውይ እንዴት ታምራለች!" ብላ መለሰች። ሌላ ጊዜ ያ ድምፅ ያስቀናኝ ነበር። ያን ቀን ጆሮዬን ነው የያዝኩት።

ከዚያ አንድ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሣ እናቴን ስትሰግድ አገኘኋት። ስግደት ዘወትር ትሰግዳለች፤ ይህ ግን ሌላ ነው። ጠበል በሄደችለት ጉልበቷ መሬት ትወርዳለች፣ ግድግዳውን ይዛ ትነሣለች፣ እንደገና ትወርዳለች። ስትነሣ የምታወጣው ድምፅ ልቤን በላው።

"እማዬ፣ ምንድን ነው?"

"ንስሐ ነው። የንስሐ አባቴ ለጉልበቴ አዝነው በጸሎት አድርጊው ብለውኝ ነበር። እኔ ነኝ ስግደቱን የለመንኳቸው።"

"የምን ንስሐ?"

"ታውቂያለሽ።"

አጠገቧ ተቀመጥኩ። "ለምን ዋሸሽላት? እኔ ነኝ እኮ። እኔ አደረቅኋቸው።"

"በርሜሉ ነግሮኛል።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "እውነቱን ብነግራት እናንተ ሁለታችሁ ትጣላላችሁ። እኔ ደግሞ ዕድሜዬ የማስታረቅ አይደለም። ሌላም አለ። እነዚህ ተክሎች ሳይመጡ ትንሿ መቼ መቼ ነበር የምትደውለው? ለዓመት በዓል። 'ደኅና ነሽ?' ትለኛለች፣ 'ደኅና ነኝ' እላታለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም የምንለው ይጠፋናል። ቅጠሉ ከመጣ ወዲህ የምንለው አገኘን። ሞቱ ብላት በምን ትጠይቀኛለች?"

"እኔስ?" አልኳት። ያን ጊዜም፣ እሷ እንዲያ ሆና እያየኋት፣ ያልኩት ይህንን ነው። "እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?"

ግራ ገብቷት አየችኝ። "አንቺን ምን ልጠይቅሽ? አንቺ እዚሁ ነሽ።"

ይህ ቃል አላጽናናኝም። ዛሬም አያጽናናኝም። ግን ልትጎዳኝ ብላ እንዳልተናገረችው ገባኝ። ተነሥታ እንደገና ልትሰግድ ስትል እኔ ቤቱን ጥዬ ወጣሁ፤ ያንን ጉልበት ማየት አልቻልኩም።

እግሬ ወደ ጎረቤታችን ወሰደኝ። ከበሩ ገብቼ ሰላም ካልኩ በኋላ ተክሏን ማየት እንደምፈልግ ነገርኳት። ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ለሶላት ውዱ የሚያደርጉባት ጠባብ ክፍል አለች፤ ቤተሰቡ በቀን አምስቴ የሚታጠብባት፣ ግድግዳዋ ሁልጊዜ የሚያልበው፣ ጥላ ያለባት። ጸሎተኛዋ እዚያ ጥግ ላይ ቆማለች። የእናቴን ያህል ማንም አላባበላት፣ ማንም አልጠረጋት፤ ከክፍሏ እርጥበት በቀር የተደረገላት ነገር የለም። ቅጠሏ ግን የትሪ ያህል ሰፍቷል፣ ጠርዙ ላይ አንድ የደረቀ ነጥብ አይታይም። በዚያ ሁሉ ጭንቀቴ መካከል ቅናቱ እንደገና ብልጭ አለብኝ። ምነው ለሁሉም ይሆንለታል፣ ከኔ በቀር?

"የናንተዋስ እንዴት ናት?" አለችኝ ጎረቤታችን።

"ሞተች። እኔ ነኝ ያደረቅኋት፣ እትዬ። ሆን ብዬ።"

የመጀመሪያ ጊዜ ለውጭ ሰው መናገሬ ነበር። ምን ትለኝ ይሆን ብዬ ጠበቅሁ። ለትንሽ ጊዜ አየችኝና፣ "በማን ቀንተሽ?" አለችኝ።

እንዴት አወቀችው? ማልቀስ ጀመርኩ። እሷ ባልዲውን ወደ ደጅ አወጣች፣ በጎኑ አጋደመችው፣ የተክሏን ሥር ከነአፈሯ በእጇ ጎትታ አወጣች። ቢላ አልተጠቀመችም፤ ሥሩን በጣቶቿ ቀስ እያለች ፈልቅቃ ሁለት ቅጠልና አንድ ለጋ ያለበትን ክፋይ ለየች።

"እናትሽ የሰጠችኝ ናት። አማና ናት፣ አደራ ማለት ነው፤ ብመልሳት አይከፋኝም፣" አለችኝ። "እስክትለምድ ፌስታል አልብሻት፣ ትንፋሿ እዚያው ይሁን። ውኃ ግን አታብዢባት። በውኃ ብዛትም ይገደላል።"

እናቴ ክፋዩን ይዤ ስገባ አየች። እኔም መስኮቱ ዘንድ አልሄድኩም። የበርሜሉ አጠገብ ጨለም ያለና ቀዝቃዛ ስለሆነ እዚያ አስቀመጥኳት። ከወንዝ ጠጠር ለቅሜ አመጣሁ። የላስቲክ ጠርሙስ ክዳን በመርፌ በስቼ መርጫ ሠራሁ። ፌስታሉን ጠዋት ጠዋት ለትንሽ ጊዜ ገልጬ አየር አስገባላታለሁ፤ ውስጡ ያዘለውን ጠል መልሼ እሸፍነዋለሁ። አንዱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ወደቀ። የዚያን ቀን ክፍል ውስጥ ልጆቹን ያለ ነገር ተቆጣኋቸው። ሁለተኛው ግን ቆመ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከመካከል ለጋው እንደ ጽጌረዳ እሾህ ሹል ብሎ ወጣ።

አንድ ቀን ስገባ እናቴ ጨርቅ ነክራ ልትጠርጋት ጎንበስ ብላ አገኘኋት።

"ተያት፣ እኔ እጠርጋታለሁ!" አልኳት። ጮክ ብዬ ነበር።

እናቴ ጨርቁን አስቀመጠች። "እሺ፣" አለች፤ ፈገግታዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። አሁን ደግሞ በተክሏ ምክንያት በእናቴ መቅናት ጀምሬ ነበር።

በግንቦት፣ ለአባታችን ሙት ዓመት፣ እኅቴ መጣች። የእናቴን ጉልበት ስማ፣ እኔን አቅፋ፣ ዓይኗ ቀጥ ብሎ ወደ መስኮቱ ሄደ። እዚያ ወደ ቦታው የተመለሰው ጠረጴዛዬ ብቻ አለ። ዞር ዞር ብላ አየችና በርሜሉ ጥግ ያለችውን አገኘቻት። ተንበርክካ ፌስታሉን ገለጠች።

"ይህች የኔዋ አይደለችም፣" አለች።

"የሷው ልጅ ናት፣" አለች እናቴ።

"እናቷስ?"

እናቴ ልትናገር አፏን ከፈተች። ለሷ ተራ አልሰጠኋትም፤ "ገደልኳት፣" አልኩ። "ፈርኗንም።"

"ውኃ ጠፍቶ ነው?"

"ውኃ ነበረ።"

እኅቴ መደቡ ላይ ቁጭ አለች። ፊቷ ላይ የነበረው የመንገድ ድካም ብቻ አልነበረም። "ምን አድርጌሽ ነው?"

"ምንም አላደረግሽኝም። እነሱን ስትጠይቂ እኔን አትጠይቂኝም ነበር።"

"አንቺን መጠየቅ ስለምፈራ እኮ ነው፣ እታለም! ስልክ ስታነሺ ድምፅሽ 'አሁን ገና ትዝ አልንሽ?' ይላል። እማዬን ብቻሽን የምታስታምሚ አንቺ፣ ውኃ የምትሸከሚ አንቺ። እኔ ምን ብዬ ልጠይቅሽ? ቅጠሉን ያመጣሁት እዚህ ቤት ውስጥ አንድ የኔ የሆነ ነገር ይኑር ብዬ ነው።" እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። "እሱንም ገደልሽው።"

እናቴ "ልጆቼ" ብላ ጀመረችና አቆመች። የዋሸችውን እሷም ነገረቻት። እኅቴ አልተቆጣቻትም። እኔን ግን ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ዝክሩን አብረን ደገስን፤ እኔ ስዘረጋ እሷ ታነሣለች፣ እሷ ስትቀዳ እኔ አቀብላለሁ፣ አንድ ቃል ሳንለዋወጥ። ካህናቱና ጎረቤቱ በልቶ መርቆ ሄደ። እኔ ይቅር በይኝ የሚለውን ቃል አሥር ጊዜ አንሥቼ አሥር ጊዜ ዋጥኩት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተክሏን ሳጠጣ ከኋላዬ መጥታ ቆመች።

"ውኃው ከጠጠሩ በላይ ሆኗል፣" አለችኝ። "ባልዲው ውኃ ውስጥ ከተቀመጠ ሥሯ ይታፈናል። ከጠጠሩ በታች ነው መሆን ያለበት።"

ባልዲውን አነሣሁ። እሷ ትሪውን ወደ ደጅ አዘንብላ ውኃውን ቀነሰች፤ ጠጠሩን በእጇ አስተካከለች። መልሼ አስቀመጥኳት።

"ይቅር በይኝ፣" አልኳት ያኔ።

"ገና ነው፣" አለችኝ። ቆይታ ደግሞ፣ "ጥሩ ይዘሻታል። ግንቦትን በዚህ አየር ማለፏ ቀላል አይደለም፣" አለች።

በማግሥቱ በጠዋቱ አውቶቡስ ሄደች። ስትሳፈር እኔን ጥብቅ አድርጋ ሳመችኝ፤ ይቅር ብዬሻለሁ ግን አላለችኝም። ያንን ያለችኝ በክረምቱ መግቢያ፣ በስልክ፣ ስለ ሌላ ነገር እያወራን በመካከሉ ነው።

አሁን የምትደውለው በኔ ስልክ ነው። እንዴት ዋልሽ ትለኛለች፣ ራስ ማዞሩስ ትለኛለች፤ እኔም ድምፄን ለማለስለስ እሞክራለሁ፣ አንዳንዴ ይሳካልኛል። ስልኩን ለእናቴ ስሰጣትና ይዛው ወደ ጓዳ ስትገባ ዛሬም ጆሮዬ ይከተላታል። ጸሎተኛዋ ሰባት ቅጠል አላት።

ባለፈው ሳምንት እናቴ እዚሁ አጠገቤ ተቀምጣ እኅቴን በስልክ ስታወራት፣ "የትልቋ ተክል እንዴት አማረባት መሰለሽ፣" አለቻት። የትልቋ ተክል። እንዲያ ብላ ስትጠራት የመጀመሪያዋ ነው። ከወዲያ በኩል እኅቴ ዝም አለች። ትንሽ ጊዜ፣ አንድ ጉርሻ የሚዋጥበት ያህል። ያ ዝምታ ምን እንደሆነ ከኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከዚያ ስልኩን ከእናቴ እጅ ተቀበልኩና፣ እኅቴን ክረምት ሳይወጣ መጥታ ከሥሯ ከፍላ እንድትወስድ ነገርኳት።

"አትሳሺባትም?" አለችኝ።

"እሳሳለሁ፣" አልኳት። "ግን ነይ።"